በድሮን አጋዘን ፈልጎ ለአዳኝ ማሳየት ህጋዊ ነው? ህጋዊ ቢሆንስ ይሰራል?

ፒያሳ ካሜራ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን በናታችሁ እስከመጨረሻው አንብባችሁ መልሱልኝ።

ፒያሳ አካባቢ ቪዲዮ አንሺ ነኝ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የአፓርታማ ማስታወቂያ ምናምን እንሰራለን፣ ድሮን አለን፣ ለየስራው ኢንሳን (የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደርን) አስፈቅደን ነው የምናበረው። ሰሞኑን አንድ ደላላ ስቱዲዮ ድረስ መጣና ከውጭ የሚመጡ አዳኞች አሉ፣ ባሌ በኩል የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ነው፣ የአደን ፍቃዳቸውን ጨርሰዋል፣ ካንተ የሚፈለገው ጎህ ሲቀድ ድሮን አንስተህ ትልልቆቹ ወንዶች የቱ ጋር እንዳሉ ማሳየት ብቻ ነው፣ መተኮሱ የነሱ ነው አለኝ። ድሮኑም የኔ አይደለም፣ ቴርማል (ሙቀት የሚያይ) ካሜራ ያለው ማቪክ 3 ይመጣልሃል ነው የሚለው። በቦሌ እንዴት እንደሚገባ ስጠይቀው "እሱን ለኛ ተወው" ብሎ አለፈው።

ብሩ ቀላል አይደለም። የድሮው ቤት ፈርሶ ስቱዲዮ ከቀየርን ወዲህ ኪራዩ ብቻ ምን እንደሚያክል መሀል ከተማ የምትሰሩ ታውቁታላችሁ። ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የደጋ አጋዘን እኮ ያቺ የአስር ሳንቲም ላይ ያለችው እንስሳ ናት፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም። እኔ ደግሞ ከሰማይ ሆኜ ያለችበትን ልጠቁም ነው።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ ህጉ ምን ይላል፣ አዳኞቹ ፍቃድ ካላቸው እኔ ነፃ ነኝ ወይ? ሁለተኛ፣ ህጉ ዝም ቢል እንኳን እናንተ ብትሆኑ ትሰሩታላችሁ? አደን በጠቅላላው ይጥፋ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፣ የኔ ጥያቄ ድሮኑ ላይ ነው።

ልደታ ችሎት

ወንድሜ ከመሄድህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። ጠበቃ ነኝ፣ እዚህ የምፅፈው ግን ጠቅላላ ሀሳብ ነው፣ ወረቀት ሲመጣልህ ለሰው አሳይ።

ደላላው ሁለት ፍቃድ አንድ አድርጎ ነው የሸጠልህ። የአደን ፍቃድ ሌላ፣ የድሮን ፍቃድ ሌላ። የአደኑን የሚሰጠው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ነው፣ ለአመታት የተሰራበት አዋጅ 541/1999 እና ደንብ 163/2000 ነው። ፍቃዱ ላይ ማን፣ የትኛውን እንስሳ፣ ስንት፣ የት የሚለው ተለይቶ ነው የሚፃፈው፣ ስለዚህ አዳኙ ፍቃድ አለው ማለት አብሮት ለመጣ ሁሉ በር ተከፈተ ማለት አይደለም። የድሮኑ ደግሞ ኢንሳ ጋ ነው፣ አንተም እንደምታውቀው ለምን ስራና የት እንደሆነ ገልፀህ ነው የምትጠይቀው። ለሰርግ ቀረፃ ያስፈቀድከውን ይዘህ ባሌ ጫካ ላይ አውሬ ብትፈልግበት የያዝከው ፍቃድ ለዚያ ስራ አይሆንህም። "ለኛ ተወው" የተባለው ድሮን ደግሞ ያለ ፍቃድ ከገባ ገና አየር ላይ ሳይወጣ የኮንትሮባንድ ጉዳይ ነው፣ ሪሞቱን ይዞ የሚገኘውም አንተ ነህ።

የ1999ኙ አዋጅ ስለ ድሮን በስም ምን ይላል ብለህ አትልፋ፣ ሲወጣ እንዲህ አይነት ድሮን ገበያ ላይ አልነበረም። ያ ማለት ግን ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የሆነ ነገር ከፍቃዱ ውጪ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኮታ በላይ ቢተኮስ ወይም ከተፈቀደው ቀጠና ወጥተው ፓርኩ ክልል ውስጥ ቢገቡ፣ በወንጀል ህጋችን ወንጀል እንዲፈፀም አውቆ የረዳ ሰው ተጠያቂ ነው። "እኔ ያሳየሁት ብቻ ነው" ስትል ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅህ ለምን አሳየህ ብሎ ነው። ቀረፃው ደግሞ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ሰዓቱና ቦታው ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል፣ ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ባለስልጣኑ ራሱ "በዚህ አደን ድሮን መጠቀም ይቻላል" ብሎ በፅሁፍ እስካልሰጠህ ድረስ እንዳትነካው። በቃል የሚነገርህን ተወው።

ዴንቨር ያለሁት

እኔ አሜሪካ ኮሎራዶ ነው የምኖረው፣ አደን እዚህ ትልቅ ባህል ነው፣ የስራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ በመስከረምና በጥቅምት ፈቃድ ወስደው ይጠፋሉ። እናም ደላላው "ፈረንጆቹ እንደዚህ ነው የሚያድኑት" ካለህ ዋሽቶሃል። ኮሎራዶ ውስጥ ድሮን ተጠቅሞ ለአደን አውሬ መፈለግ ክልክል ነው፣ መተኮስ ሳይሆን መፈለጉ ራሱ። አላስካም ሞንታናም በፈረንጆቹ 2014 አካባቢ ከልክለዋል፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ስቴቶች ተከትለዋል። እንዲከለከል ሲጎተጉቱ ከነበሩት ውስጥ ደግሞ ራሳቸው አዳኞቹ አሉበት። ከአውሮፕላን ላይ አውሬ መተኮስና ማሳደድ በፌዴራል ደረጃ ከ1971 ጀምሮ ህግ አለው፣ ድሮን ሲመጣ ሀሳቡ አዲስ አልሆነባቸውም።

የአላስካውን ህግ በጣም ነው የምወደው። እዛ ትንሽ አውሮፕላን ከሌለ ብዙ ቦታ አይደረስም፣ ስለዚህ መብረር አልተከለከለም፣ ግን በበረርክበት ቀን ትልልቆቹን አውሬዎች አብዛኞቹን መተኮስ አትችልም፣ እስከ ማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር) ትጠብቃለህ። ከላይ ያየኸው እንስሳ ሌሊቱን ቦታ የመቀየር እድል እንዲኖረው ነው። እንደገና በእግርህ ፈልገህ ታገኘዋለህ ወይ አታገኘውም።

ሚሺጋን ውስጥ ደግሞ ድሮን ለአደን እንዳይውል የሚከለክል በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ህግ አለ፣ ተመትቶ የጠፋ አጋዘን በድሮን የሚፈልግ ድርጅት ህጉን ተቃውሞ ከሰሰ። ክርክራቸው፣ አጋዘኑ ያለበትን ቦታ መንገር መረጃ መስጠት ነው፣ መረጃ መስጠት ደግሞ የመናገር ነፃነት ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። "ማሳየት ብቻ ነው" የሚለው ነገር እዚህም ተሞክሮ አላዋጣም ለማለት ነው።

ካዛንቺስ ቴክ

ሁላችሁም በአንድ ወገን ስለሄዳችሁ እኔ ሌላውን ልበል፣ ከልቤ ነው የምለው።

አደኑ ተፈቅዷል። ኮታ ወጥቷል፣ ተከፍሏል፣ ከሚከፈለው ትልቁ ድርሻ ለክልሉ ነው የሚሄደው፣ ያ እንስሳ በዚህ ሲዝን እንደሚገደል ተወስኗል። እንግዲህ ጥያቄው የቱ ይገደል ነው። በባይኖኩላር ከሩቅ ጉም ውስጥ አይቶ ወጣቱን ከሽማግሌው ሳይለይ ከሚተኩስ ሰው፣ በጥሩ ካሜራ ቀንዱን አይቶ መራባቱን የጨረሰውን ሽማግሌ ለይቶ የሚተኩሰው አይሻልም ወይ? ቆስሎ ጫካ ገብቶ ለቀናት ሲሰቃይ የሚሞተውስ፣ ድሮን ቢኖር በደቂቃ ተገኝቶ ይገላገል ነበር። ጀርመን ውስጥ ገበሬዎች ሳር ከማጨዳቸው በፊት ሳሩ ውስጥ የተኙ የአጋዘን ግልገሎችን በቴርማል ድሮን እየፈለጉ ያወጣሉ፣ መንግስት ድሮን መግዣ ይደግፋል። ያው ድሮን ነው እኮ። መሳሪያውን በጠቅላላው ሰይጣን ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

ደግሞ አነጣጣሪ መነፅር ያለው ጠመንጃ፣ ላንድክሩዘር፣ ጂፒኤስ ይዞ የሄደ ሰው ድሮን ሲሆን "ፍትሃዊ አይደለም" ማለቱ አይገባኝም። መስመሩ የቱ ጋ ነው?

ባዮሎጂ አራት ኪሎ

@ካዛንቺስ ቴክ የመጨረሻው ጥያቄህ ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። አራት ኪሎ ነው የተማርኩት፣ ባሌም አርሲም ለቆጠራ ስራ ሄጃለሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ።

የደጋ አጋዘን ወንዱ ትልቅ እንስሳ ነው፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን አለ፣ ጥምዝምዝ ቀንድ ያለው እሱ ብቻ ነው ሴቷ የላትም። ይሄን የሚያክል እንስሳ ሳይንስ ያወቀው በፈረንጆቹ 1910 ነው። ለምን ዘገየ ብትል መደበቅ ስለሚችል ነው። ቀን አስታው ውስጥ ይገባል፣ አስታ የምታውቁት ከሆነ ከሰው ቁመት በላይ ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅል ነው፣ በጣም ቀርበህ ቆመህ ጆሮውን እንኳን ላታይ ትችላለህ። ጠዋትና ማታ ነው ወደ ሜዳው ወጣ የሚለው። አዳኝም ተመራማሪም የሚያደርገው አንድ ነው፣ ከማዶ ሸንተረር ላይ ተቀምጦ በባይኖኩላር ተዳፋቱን መልቀም፣ ነፋሱን ማየት፣ ፈረስ አስሮ በእግር መውረድ፣ ስትደርስ ሄዷል፣ ነገ እንደገና።

አሁን ቴርማሉን አስቡት። ባሌ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ንጋት ላይ መሬቱም ድንጋዩም ቅጠሉም ቀዝቅዞ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ በዛ ጥቁር ላይ ሙቅ ገላ ያለው ነገር ሁሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አስታው ጥቅጥቅ ያለ ቢሆንም በቅርንጫፎቹ መሀል ሙቀቱ ሾልኮ ይታያል። አንድ ባትሪ ሳያልቅ አንድ ሙሉ ሸለቆ ታያለህ፣ ከፍታውና ብርዱ ባትሪውን ቢቀንሰውም እንኳን። ፀሀይ ከወጣች በኋላ ድንጋዩ መሞቅ ይጀምርና ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ይቀላቀላል፣ ለዛ ነው ደላላው "ጎህ ሲቀድ" ያለው፣ የሚያውቅ ሰው ነግሮታል ማለት ነው።

መስመሩ የቱ ጋ ነው ላልከው እንግዲህ እኔ የማየው እዚህ ጋ ነው። መኪናው ቦታው ድረስ ያደርስሃል፣ መነፅሩ ያገኘኸውን እንስሳ ያቀርብልሃል። አጋዘኑ ግን እስከዛ ድረስ ያለው መከላከያ ሁሉ ይሰራል፦ ያሸታል፣ ይሰማል፣ ይደበቃል። ቴርማል ድሮን መደበቁን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ከላይ የሚመጣ ነገር አይሸተውም፣ ድምፁን ቢሰማም ወዴት እንደሚሸሽ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ቢቆምም ሙቀቱ ያጋልጠዋል። በሚሊዮን አመታት የመጣ ነገር በአንድ ስክሪን አለቀ ማለት ነው። ፈተናውን መልሱ ተሰጥቶት የተፈተነ ተማሪ አለፈ አይባልም አይደል።

ጭንቀቱ ደግሞ አለ። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2015 ያወጡት ጥናት ጥቁር ድቦች ላይ የልብ ምት መለኪያ ገጥመው ድሮን አበሩባቸው፣ ብዙዎቹ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም፣ ለሚያይ ሰው ምንም ያልመሰላቸው ናቸው፣ ልባቸው ግን ሌላ ነበር፣ የአንዷ ድብ በደቂቃ ከ120 በላይ ነው የጨመረው። ስለዚህ "ከፍ አድርጌ አበራለሁ አይረበሹም" የሚል ፓይለት ካለ ዝም ብሎ መቆማቸውን አይቶ ነው።

ሽማግሌውን ለመምረጥ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ቴርማሉ ትልቅ ሙቅ ነገር መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ እድሜውን ለማወቅ ወርደህ በመደበኛው ካሜራ ቀንዱን ማየት አለብህ፣ ያኔ ደግሞ ሙሉ መንጋው ይበተናል። እና እስኪ አስቡት፣ አዳኙ ከፍሎ የመጣው ትልቁን ቀንድ ፈልጎ ነው፣ ትልቁ ቀንድ ያለው ሁሉ መራባቱን ጨርሷል ያለው ማነው? አስቸጋሪነቱ ራሱ ለትልልቆቹ ወንዶች ከለላ ነበር። ያንን ካነሳህ በየአመቱ ከየሸለቆው ምርጡ ወንድ ተለቅሞ ይሄዳል፣ ዝርያው ደግሞ በአለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበ ነው።

የቆሰለውን ስለመፈለግ ግን ካንተ ጋር ነኝ። ከተተኮሰ በኋላ፣ የባለስልጣኑ ስካውት (ጠባቂ) ባለበት፣ ጠመንጃው ተራግፎ፣ ድሮን ተነስቶ ቢፈለግ እኔ አልቃወምም፣ እንዲያውም ደንብ ወጥቶለት ቢፈቀድ ደስ ይለኛል። ለቆጠራም እንደዛው፣ በእግር ስንቆጥር የምናልፈው ብዙ ነው። ህገወጥ አዳኝ ለመከታተልም አፍሪካ ውስጥ በብዙ ፓርኮች ተሞክሯል።

አንድ ነገር ልጨምር ለጠያቂው። አንተ ቀርፀህ የሰጠኸው ፋይል አዳኙ ሲሄድ አይሄድም። የትልልቆቹ ወንዶች ማደሪያ ከነ ጂፒኤሱ ደላላው ስልክ ላይ ይቀራል። የዛሬው አዳኝ ፍቃድ ቢኖረው የሚቀጥለው ላይኖረው ይችላል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

አራዳ ጊዮርጊስ

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ የዛሬ መሳሪያ ብዙም አላውቅም፣ ስለ አደን ግን ትንሽ ልንገርህ። አጎቴ ጨርጨር የታወቀ አዳኝ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ተከትዬው ወጥቻለሁ። ኮቴ አይቶ ወንድ ነው ሴት ናት፣ ዛሬ ያለፈ ነው የትላንት ነው ይለይ ነበር። አፈር በጣቱ ቆንጥሮ ይበትንና ነፋሱ ወዴት እንደሆነ አይቶ ነው አቅጣጫ የሚይዘው። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው፣ ማንም አይስቅበትም። ያረገዘች ወይም ግልገል ያላትን የገደለ ሰው ግን ማንም ቤቱ አይጠራውም ነበር። ገዳይ ተብሎ የሚፎክርም እኩል ለእኩል ገጥሞ ያየ ሰው መስክሮለት ነው፣ ወጥመድ ላይ የተያዘ አውሬ ወግቶ የመጣ ሰው ሲፎክር አልሰማሁም።

ያ ጊዜ አልፏል፣ ይመለስም አልልም፣ ጠመንጃ እየበዛ ሲሄድ ስንቱ አውሬ እንደጠፋ አይቻለሁ። ግን የዛሬው ሰው ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ፣ ስንት ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ያንተ አይን አይቶለት፣ እሱ ቃታ ስቦ፣ ቀንዱን ሳሎኑ ላይ ሰቅሎ "ባሌ ተራራ ላይ አደንኩ" ሊል ነው። ምኑን ነው ያደነው? ልጄ አንተ ሰርግ ስትቀርፅ ሙሽሮቹን ደስ አሰኝተህ ነው ብር የምትቀበለው። እንጀራህ የተባረከ ነው፣ እሱን ያዝ።

ካዛንቺስ ቴክ

@ባዮሎጂ አራት ኪሎ ፋይሉ ደላላው ጋ ይቀራል ያልሽው አሳማኝ ነው፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር። ከመተኮስ በፊት መፈለግና ከተተኮሰ በኋላ መፈለግ አንድ አይደለም የሚለውን እቀበላለሁ። ግን ዝም ብሎ "ክልክል" ከማለት ደንቡ ይውጣ እላለሁ አሁንም፣ ምክንያቱም ድሮኑ በአንዱም በሌላውም መንገድ መግባቱ አይቀርም፣ ደንብ ከሌለ የሚጠቀመው ደላላው ነው።

ልደታ ችሎት

በዚህ ላይ እስማማለሁ። አላስካዎቹ ያደረጉት አይነት ግልፅ መስመር፣ ለአደን ፍለጋ አይቻልም፣ ለቆሰለ ፍለጋ ስካውት ባለበት ይቻላል፣ ቀረፃው ለባለስልጣኑ ይሰጥ፣ እንዲህ ተብሎ አንድ ገፅ መመሪያ ቢወጣ ለስካውቱም ለፓይለቱም ይቀላል። አሁን ያለው ክፍተት የሚጎዳው እንዳንተ አይነቱን ሳያውቅ የሚገባውን ልጅ ነው።

ፒያሳ ካሜራ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ከልብ። ጋሼ ምክርዎን ተቀብያለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ለደላላው ደወልኩለት። የባለስልጣኑን ደብዳቤና የድሮኑን የኢንሳ ፍቃድ አሳየኝ ስለው መጀመሪያ "ይመጣልሃል" አለ፣ ቆየት ብሎ "ወረቀት ከፈለግክማ ሌላ ልጅ አለ" አለኝ። እንግዲህ ገባኝ። አልሄድም ብዬዋለሁ።

ያሳሰበኝ "ሌላ ልጅ አለ" ያለው ነው። እዚህ መሀል ከተማ ድሮን የምናበር ልጆች በአብዛኛው እንተዋወቃለን፣ ቴሌግራም ግሩፕም አለን፣ ይሄን ውይይት እዛ ላጋራው ነው። @ልደታ ችሎት እህቴ ከቻልሽ ያልሽውን አጠር አድርገሽ፣ አንድ ፓይለት እንዲህ አይነት ስራ ሲመጣለት ምን ምን ወረቀት መጠየቅ እንዳለበት ብትፅፊልን በጣም ነው የምንጠቀመው። @ባዮሎጂ አራት ኪሎ ደግሞ የቆጠራ ስራ ላይ ድሮን የሚያበር ሰው ከተፈለገ፣ ህጋዊ ሆኖ፣ በቅናሽም ቢሆን እኔ አለሁ። ሁለት ባትሪና ጀነሬተር አለኝ፣ ብርድም አልፈራም።

ባዮሎጂ አራት ኪሎ

ኢንቦክስ አድርግልኝ። የሚቀጥለው ቆጠራ ከክረምቱ በኋላ ነው የሚሆነው፣ እስከዛ የባለስልጣኑንም የኢንሳንም ደብዳቤ እኛ እንጀምራለን፣ አንተ የድሮንህን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ላክልኝ። ቴርማል ከሌለህ አትጨነቅ፣ ሜዳው ላይ ለሚወጡት መደበኛው ካሜራ ይበቃል።